ስለ አውቶሞቢል የጎን መረገጫና ስለ ድንጋይ መመከቻ ብረት

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳ አያያዝ ማንበብ የለመዱ የተከበሩ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ ስለ ብረትና ስለ ቡሎን ስንጽፍ ባዩ ጊዜ ጽሑፉ ከጋራዥ ወደ ቤት በስሕተት የገባ ይመስላቸው ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ነው። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት በዋግ ኽምራ ወረዳዎች ለሥራ የሚዘዋወር ሰው የሚሄድበት አውቶሞቢል ከመሬት ከፍ ያለና በአራት ጎማው የሚጎትት ነው፤ በእርሱም የሚሳፈሩት ሹሙና ሾፌሩ ብቻ አይደሉም። ምጥ የያዛት ሴት፣ ሕፃን ያቀፈች አራስ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ፣ ዓይናቸው የደከመ መነኵሲት ይሳፈሩበታል። እነርሱ ለመውጣት እግራቸውን የሚያሳርፉበት ስፍራና በጉዞ ላይ ድንጋይ የሚመታው ስፍራ ደግሞ አንድ ነው፤ ይኸውም ከበሩ በታች በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ያለው ጠርዝ ነው። በዚህ ጠርዝ ላይ ምን ዓይነት ብረት መታሰር እንደሚገባውና እንዴት እንደሚታሰር ያልጠየቀ ባለቤት ገንዘቡን ከፍሎ ጉዳት ሊገዛ ይችላል።

አባቶቻችን በበቅሎ ይሄዱ በነበረበት ዘመን ነገሩ ግልጽ ነበረ። እርካብ ለእግር ነው። ወይዘሮዪቱ በበቅሎ ስትቀመጥ አንድ አሽከር በወዲያኛው ወገን ያለውን እርካብ ተጭኖ ኮርቻው እንዳይዞር ይይዝላታል፤ በደጅም የመወጣጫ ድንጋይ ይኖራል። በቅሎዪቱ በገደል አፋፍ ስትሄድ ግን ጎኗን ከቋጥኝ የምታድነው በራሷ ብልሃት ነው እንጂ በእርካቡ አይደለም። እንዲያውም እርካቡ ወጣ ብሎ ከቋጥኝ ጋር የተጋጨ እንደ ሆነ የተቀማጩን እግር ይቀጠቅጣልና፣ ዐዋቂ ሰው ጠባብ ስፍራ ላይ በደረሰ ጊዜ እግሩን ከእርካብ ያወጣል። አውቶሞቢል የበቅሎ ብልሃት የለውም፤ ወደ ድንጋዩ የመሩት እንደ ሆነ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። ስለዚህ ለእርሱ እርካብም ጋሻም ያስፈልገዋል፤ የዛሬው ነገራችንም እርካቡን ጋሻ ነው ብሎ መግዛት የሚያመጣውን መዘዝ ለማስረዳት ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰው። በዚያ ዘመን የነበሩት አውቶሞቢሎች ከፊተኛው ጎማ ክዳን እስከ ኋለኛው የሚደርስ ሰፊ የእግር ሰሌዳ ነበራቸው፤ ጌቶችና እመቤቶችም በእርሱ ላይ ረግጠው ይገቡ ነበር። በኋላ የአውቶሞቢሉ አካል ወደ ጎን እየሰፋ ስለ ሄደ ሰሌዳው ቀረ። ቮልስ የምንለው ግን በሜክሲኮ አገር የመጨረሻው እስከ ተሠራበት እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ሰሌዳውን ይዞ ኖረ። ለጭቃና ለድንጋይ የተሠሩት በሌላ መንገድ መጡ። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ፤ የላንድክሩዘር አባት የሆነው የቶዮታ አውቶሞቢልም በ1943 ዓ.ም. በጃፓን አገር የፉጂን ተራራ እስከ 6ኛው ጣቢያ ድረስ ወጥቶ ኃይሉን አሳየ። ዛሬ በዋግ መንገድ ዘወትር የምናየው ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘር ደግሞ መሠራት የዠመረው በ1977 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ በቆላና በደጋ በሚሠሩት አውቶሞቢሎች ላይ የእግር ሰሌዳ ተመልሶ የመጣው ብዙ ጊዜ በኋላ በባለቤቶች እጅ ተገዝቶ ነው፤ ሲመጣም የሚያብለጨልጭ ጌጥ ሆኖ መጣ።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በተከዜ ግድብ ሐይቅ ዳር ያለው ቆላ ግን 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ከከተማዪቱ ተነሥቶ እስከ ተከዜ ዳር የሚወርድ ሰው እንግዲህ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ይወጣል። ወደ ኮረም ወይም ወደ ላሊበላ በሚወስደው ዋና መንገድ ብቻ ለሚመላለስ ሰው የምንጽፈው ነገር እምብዛም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ከዋናው መንገድ ወጥቶ በዝቋላ፣ በሰሃላ፣ በአበርገሌ ወይም በዳህና ወደ ቀበሌ ለሚገባው ነው። በዚያ መንገድ ክረምት በሆነ ጊዜ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስደውና ድንጋዩ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ሾፌሩ ድንጋዩን በሁለት ጎማ መካከል ማሳለፍ አይችልምና ጎማውን በላዩ ላይ ያወጣዋል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ጎማው ከድንጋዩ ጫፍ በተንሸራተተ ጊዜ አውቶሞቢሉ በጎኑ ይወርዳል፤ የሚያርፈውም ከበሩ በታች ባለው ጠርዝ ላይ ነው። ይህ ጠርዝ በቀለም ተሸፍኖ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል እንጂ የታጠፈ ስስ ላሜራ ነው። ወደ ላይ የተጣመመ እንደ ሆነ በሩን ከታች ይነክሰዋል፤ ያን ጊዜ በሩ አልከፈት ይላል፤ ወይም ከተከፈተ በኋላ አልዘጋ ይላል። ምጥ የያዛት ሴት በውስጥ ተቀምጣ ሳለች፣ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ተደርሶ በሩ በመዶሻ ሲከፈት ማየት ምን ያህል እንደሚያሳቅቅ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም።

በገበያ የሚገኘው የጎን ብረት ሻጮች በአንድ ስም ይጥሩት እንጂ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው የጎን መረገጫ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ከስስ ቱቦ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በላዩ ላስቲክ የተለበጠበት፣ ለዓይን የሚያምር ነው፤ ሥራውም የአንድ ሰው ክብደት፣ ማለት 100 ኪሎ ያህል፣ ለጥቂት ጊዜ መሸከም ነው። ሁለተኛው የድንጋይ መመከቻ ነው፤ ይህኛው ከወፍራም የብረት ቱቦ የተሠራ፣ እግሮቹ ከአውቶሞቢሉ አጥንት ከሻንሲው ጋር የተያያዙ፣ ለጌጥ ያልታሰበ ነው። ሥራው አውቶሞቢሉ ራሱ በወደቀበት ጊዜ መሸከም ነው። ሰውና ጭነት የያዘ ላንድክሩዘር 3 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በአንድ ጎኑ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ የክብደቱ እኩሌታ፣ 1,500 ኪሎ ያህል፣ በአንዱ ብረት ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያውም ቀስ ብሎ ሳይሆን በመውደቅ። 100 ኪሎ ተሸከም ተብሎ የተሠራውን 1,500 ኪሎ ተሸከም ማለት በሕፃን ጫንቃ ላይ ኩንታል መጫን ነው።

ሰው ሁሉ የማያስተውለው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ደካማው መረገጫ ድንጋይ ሲመታው ተጣምሞ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ የራሱ ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚታሰሩት በዚያው በስሱ ላሜራ ላይ በትንንሽ ቡሎን ስለ ሆነ፣ ከታች የተመታው ብረት እንደ ዘንግ ሆኖ ላሜራውን ከሥሩ ይፈነቅለዋል። ስለዚህ መረገጫ የታሰረበት አውቶሞቢል ምንም ከሌለበት አውቶሞቢል ይልቅ የበለጠ ሊጐዳ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው በፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ ይህንኑ የመሰለ ነገር አይቷል። የአንድ መሥሪያ ቤት አውቶሞቢል በቀበሌ መንገድ ላይ በድንጋይ ተመትቶ የግራ ጎኑ ተበላሸ፤ ሁለቱም በሮች አልዘጋ አሉ። ጉዳቱን ያጣራው ኮሚቴ ሾፌሩ በቸልተኝነት ነድቷል ብሎ የጥገናውን ዋጋ እንዲከፍል ጠየቀ። ሾፌሩም ሲመልስ፣ ድንጋዩ የመታው ብረቱን ነው፤ ብረቱን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም፤ በላሜራ ላይ መታሰሩንም ማንም አልነገረኝም አለ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለምስክርነት ተጠርተው፣ ብረቱ በሻንሲ ላይ ታስሮ ቢሆን ኖሮ አውቶሞቢሉ በላዩ ተንሸራትቶ ያልፍ እንደ ነበረ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱ። ነገሩ በመጨረሻ በስምምነት አለቀ። እኛ ግን ልብ ያልነው፣ ብረቱ ሲገዛ በተጻፈው ወረቀት ላይ «የጎን ብረት፣ ሁለት ፍሬ፣ ባለ ኒኬል» ከሚል በቀር ሌላ ቃል አለመኖሩን ነው። የአንድ ባለ ቤተ ሰብ የብዙ ወር ደመወዝ በአንድ መስመር ጽሑፍ ጉድለት ሊጠፋ ነበር።

ቁጥር ለሚወዱ አንባቢዎቻችን ደግሞ ስለ ቁመቱ ጥቂት እንጨምር። የፊተኛውና የኋለኛው ጎማ ርቀት 3 ሜትር ቢሆን፣ ጠርዙም ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ አውቶሞቢሉ ሲወጡት 15 ዲግሪ ሲወርዱትም 15 ዲግሪ የሚያዘነብል ጉብታ ሆዱ ሳይነካ ሊሻገር ይችላል። ከጠርዙ በታች 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ መረገጫ ያሰርንበት እንደ ሆነ ግን ልኩ ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል። ስሌቱ የጎማውን ስፋት ስላልቈጠረ ግምት ነው፤ ሆኖም በወንዝ መሻገሪያ ዳርና በእርከን ጫፍ ላይ አውቶሞቢሉ እንደ ሚዛን ምሰሶ መካከሉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀርበትን ምክንያት ያሳያል። እንግዲህ ለሽማግሌ እንዲመች ተብሎ ብረቱን ዝቅ ማድረግ ችግሩን ከደጅ አንሥቶ ወደ መንገድ መውሰድ ነው። ስለ ሽማግሌዎች መላ በስተ ኋላ እንናገራለን።

መመከቻውን ሲመርጡ ቀለሙን አይመልከቱ። ውፍረቱን ይጠይቁ። የቱቦው ግድግዳ ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ቢቻል 4 የሚደርስ ይሁን፤ የውጭው ስፋት 45 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ሻጩ አላውቅም ያለ እንደ ሆነ ሚዛን ያውቃል፤ የእውነተኛው መመከቻ ሁለቱ ጎን ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ልጅ በአንድ እጁ አንሥቶ የሚያመጣልዎ ብረት ግን እርካብ ነው። በየጎኑ ሦስት ወይም አራት እግር ይኑረው። ዋናው ቱቦ ወደ ውጭ ሲወጣ ጥቂት ወደ ላይ፣ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ፣ ቀና ቢል በሩን ከድንጋይ ያርቃል። ከኋለኛው ጎማ ፊት ያለው ጫፉ ወደ ውጭ የተቀለበሰ እንደ ሆነ ደግሞ አውቶሞቢሉ በጠባብ ስፍራ ሲታጠፍ የኋላውን ጎን ከቋጥኝ ገፋ ያደርገዋል። ከበሩ ወደ ውጭ የሚወጣው ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠው በሰቆጣ ገበያ ቀን በሰውና በአህያ መካከል ሲያልፉ የሰው ቅልጥም ይመታል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ አስተሳሰሩ። እነዚህ አውቶሞቢሎች ሁለት አካል ናቸው። ከታች ጎማውንና ሞተሩን የያዘው ሻንሲ አለ፤ በላዩም ሰው የሚቀመጥበት ጋቢና በላስቲክ ትራስ ላይ ተቀምጧል። መንገዱ ሲከፋ ሻንሲው ይጣመማል፤ ጋቢናውም በላስቲኩ ላይ ይወዛወዛል፤ ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ የመመከቻው እግሮች ሁሉ በሻንሲው ላይ ብቻ ይታሰሩ። አንዱ እግር በሻንሲ ሌላው በጋቢና ላሜራ የታሰረ እንደ ሆነ ሁለቱ ሲወዛወዙ ላሜራውን እንደ ጨርቅ ይቀዱታል። በብረቱና በጋቢናው ጠርዝ መካከልም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ ሁለት ጣት ተደራርቦ የሚገባበት ከሆነ ይበቃል። ይህ ክፍተት ለዓይን ባያምርም ጋራዡ ሊዘጋው አይገባውም። ሻንሲ የሌላቸው፣ አካላቸው አንድ ወጥ የሆነ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ግን ሌላ ሥርዓት አላቸውና የላንድክሩዘሩን ብረት ቈርጦ በእነርሱ ላይ መለጠፍ አይገባም።

በቡሎን ይታሰር ወይስ ይበየድ የሚለው ክርክር በጋራዥ ሁሉ አለ። ብየዳ ጥሩ እጅ ያገኘ እንደ ሆነ ይጠነክራል፤ ዳሩ ግን የሻንሲውን ብረት በእሳት ያዳክማል፤ የተጐዳውንም አውጥቶ መለወጥ አይቻልም። በሰቆጣ የሚኖር ሰው በቡሎን የሚታሰረውን ቢመርጥ ይሻላል እንላለን፤ የተጣመመውን ፈትቶ ማቅናት በማንኛውም ጋራዥ ይቻላልና። ቡሎኑ በሻንሲው ላይ ከፋብሪካ ተበስቶ በመጣው ቀዳዳ ይግባ። አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግድ የሆነ እንደ ሆነ በሻንሲው ቁመት መካከል ይበሳ እንጂ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ በትራፓኖ አይነካ፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ከቡሎኑ ሥር የሚገባው የብረት ገበታ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ቡሎኑም ራሱ ጽሑፍ አለው። በራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የተቀረጸበትን ይጠይቁ፤ ቁጥር የሌለው ለአጥር በር ይሁን። የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ሲባዛ ቡሎኑ ሳይበጠስ በያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚችለውን ኃይል በኒውተን ያሳያል፤ ማለት 8.8 የሚለው 800 ይችላል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 8.8 ቡሎን ወደ 80 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ መለኪያ ባለው ቁልፍ ማጥበቅ እንጂ ጉልበተኛ ልጅ እስኪያቃስት መጠምዘዝ ልክ አይደለም። ከዳዶው ሥር ሮንዴላ አይረሳ። በነገራችን ላይ ጎማ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የኢጣልያኖች ናቸው፤ ኢጣልያኖቹ ወጡ፤ ቃላቸው ግን በጋራዦቻችን ቀርቶ አማርኛ ሆነ።

ከመታሰሩ በፊት ሠራተኛው ከሥር ገብቶ በሻንሲው ጎን የሚሄደውን ሁሉ ይመልከት። የፍሬን ዘይት ቧንቧ አለ፤ የነዳጅ ቧንቧ አለ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። የብረቱ እግር አንዱን ተጭኖ የታሰረ እንደ ሆነ ጉዳቱ በዚያ ቀን አይታይም፤ ከብዙ መንቀጥቀጥ በኋላ ቧንቧው ተፍቆ ይቀደዳል፤ ያውም ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል። ብየዳ የሚደረግ እንደ ሆነ ደግሞ አስቀድሞ የባትሪው ሽቦ ይፈታ፤ በነዳጅ ጋን አጠገብም እሳት አይነካ። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ሲነግሩት የሚስቅ በያጅ ካለ፣ አውቶሞቢሉን ይዞ ወደ ሌላ መሄድ ነው።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይፈተን። ፈተናው ቀላል ነው። አውቶሞቢሉን በተስተካከለ መሬት አቁሞ በወዲያኛው ወገን ባሉት ጎማዎች ሥር ታኮ ማድረግ፤ ከዚያ ክሪኩን በመመከቻው መካከል አግብቶ ጎማው ከመሬት ሊለቅ እስኪል ድረስ ማንሣት። ማንም ሰው ከሥር አይግባ፤ ልጆችም ይራቁ። አውቶሞቢሉ በዚህ ሁኔታ ሳለ ሁለቱን በሮች መክፈትና መዝጋት ነው። እንደ ወትሮው ከተዘጉ፣ ብረቱም ወደ ጋቢናው ካልቀረበ፣ ሥራው ተሠርቷል። በሩ ከነከሰ ወይም ሁለት ጣት ይገባበት የነበረው ክፍተት ከጠበበ ይፈታ። ለጌጥ በተሠራው መረገጫ ላይ ግን ይህን ፈተና መሞከር አይገባም።

እስካሁን ስለ ድንጋዩ ተናገርን፤ የእግሩ ነገር ቀርቷል። አንዲት እማሆይን ለምስክርነት ያመጣ ሾፌር በደጃችን ቆሞ፣ «እማሆይ፣ በዚህ ብረት ይርገጡና ይውረዱ» ቢላቸው፣ ወደ ታች ጥቂት ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህ ለአንተ ቁመት እንጂ ለእኔ ጉልበት አልተሠራም» አሉት። እውነታቸውን ነው። ጥሩ መመከቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ ከመሬት እስከ እርሱ ከጉልበት የማያንስ ነው፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ወይም ወገቡ የሚያመው ሰው ያንን በአንድ እርምጃ አይወጣም።

መላው በቤት የሚሠራ በርጩማ ነው። ለምሳሌ መመከቻው ከመሬት 46 ሳንቲ ሜትር፣ የአውቶሞቢሉ ወለል 70 ቢሆን፣ 23 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው በርጩማ ከብረቱ በፊት ሲቀመጥ ወጪው ሰው ሦስት እርምጃ ያገኛል፤ እያንዳንዱም ከቤት ደረጃ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። እግሮቹ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ብለው እንዳይገለበጥ ሆኖ ይሠራ። በረባሶ ከሚሠራበት ከአሮጌ ጎማ ተቈርጦ በላዩና በእግሮቹ ሥር ላስቲክ ቢመታበት በጭቃ አያንሸራትትም። አንድ ቁራጭ ገመድ ቢታሰርበት ሾፌሩ ሳያጎነብስ ይስበዋል፤ ከመቀመጫ ኋላም ይቀመጣል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ከኒኬል መረገጫው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በመመከቻው ላይ ደግሞ በሩ ትክክል ባለው ስፍራ ጉብታ ጉብታ ያለው ላሜራ ይበየድ፤ ክብ ቱቦ በክረምት ጭቃ እንደ ሳሙና ነውና። ከበሩ ምሰሶ ላይ የእጅ መያዣ ከሌለ ይጨመር፤ ሽማግሌ ሰው ከእግሩ ይልቅ የሚተማመነው በእጁ ነው። ሰው ሲሳፈር የሚረዳው ክንዱን ይስጥ እንጂ ከብብት ሥር ይዞ አይጐትት፤ ነፍሰ ጡር ሴት ከሆነች ደግሞ ባሏ ወይም እናቷ ከኋላ ይቁሙ።

ይህ ብረት በታሰረ ማግስት የሠፈር ልጆች ያውቁታል። አውቶሞቢሉ ከደጅ ቀስ ብሎ ሲወጣ በላዩ ቆመው ይንጠለጠላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ትልቅ ሰው ጋቢናው ሞላ ብሎ በውጭ ቆሞ ሲሄድ ይታያል። ብረቱ የኋለኛው ጎማ ፊት ለፊት ነው፤ ከእርሱ የወደቀ ልጅ የሚወድቀው በጎማው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ እናቶች ለልጆቻቸው እንዲነግሩ፣ ሾፌሮችም ከመንቀሳቀሳቸው በፊት በሁለቱም ወገን ዞረው እንዲያዩ እናሳስባለን።

ግዥ የሚያዝዙ ሹማምንት ከዚህ በላይ ስለ ተነገረው መዝገብ ካሰቡ፣ በማዘዣቸው ላይ ጥቂት ቃል ቢጨምሩ ብዙ ክርክር ይቀራል። እንዲህ ብለው ቢጽፉ ይበቃል፤ «በሻንሲ ላይ ብቻ በቡሎን የሚታሰር የድንጋይ መመከቻ፤ የቱቦው ግድግዳ ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፤ በየጎኑ ከሦስት ያላነሰ እግር ያለው፤ ቡሎኑ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ፤ ርክክብ የሚደረገው በክሪክ ተነሥቶ በሮቹ ከተፈተኑ በኋላ።» ከዚያም የታሰረበትን ቀንና ያሰረውን ጋራዥ በአውቶሞቢሉ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ነገ ድንጋይ ቢመታው ሾፌሩም ባለቤቱም የሚያሳዩት ወረቀት ይኖራቸዋል።

ክብደቱ ግን አይረሳ። 50 ኪሎ ብረት የጨመረ ሰው 50 ኪሎ ጭነት መቀነስ አለበት፤ ይኸውም የአንድ ቀጭን ሰው ወይም የግማሽ ኩንታል እህል ክብደት ነው። ከከተማ የማይወጣ አውቶሞቢል ይህን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ነዳጅ መብላቱ ከንቱ ነው፤ ለእርሱ ቀላሉ መረገጫ ይበቃዋል፤ ሥራውም ያ ነውና ማንም አይነቅፈውም።

አያያዙም አስቸጋሪ አይደለም። የቱቦው ጫፎች የተዘጉ ይሁኑ፤ ከሥሩም ውሃ የሚወጣበት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትኑረው፤ አለዚያ ውስጡ የገባው ውሃ ሳይታይ ይበላዋል። በብረቱና በጋቢናው መካከል የሚጠቀጠቀው ጭቃ ከጉዞ መልስ በውሃ ይታጠብ። ቡሎኖቹ ከመጀመሪያው የቆላ ጉዞ በኋላ እንደ ገና ይጠበቁ፤ ከዚያም በሰኔ ዝናብ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም መንገዱ ሲደርቅ አንድ ጊዜ ይታዩ። በመስከረሙ ምርመራ ብየዳው የተሰነጠቀ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ በላዩ ቀለም አይቀባ፤ ተፈትቶ፣ ዝገቱ እስከ ነጭ ብረት ድረስ ተፍቆ፣ እንደ ገና ተበይዶ ይታሰር።